ቆርቆሮዬና የሰማዩ ሞገድ

የራሴን አምስት ዶሮ ሲመሽ ቆጥሬ ማስገባት የሚያቅተኝ ሴትዮ፣ ከአውሮፕላን መሄጃ በላይ ያለ ነገር ጠብቂ ስባል ምን አልኩ? «እሺ» አልኩ። እንዲያውም «ምን ችግር አለው!» ነው ያልኩት። እንዲህ ያለችዋን አሮጊት ነው አስሮ ማስቀመጥ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ የሚያለቅስ፣ ዓይኔ ከሩቅ ፍየልና በግ የማይለይ፣ ፊደል የሚባል ነገር ሲመጣ በሌላ በር የወጣሁ ሰው ነኝ። ይሄንን እንኳ የምጽፈው እኔ አይደለሁም፤ እኔ አወራለሁ፣ የልጅ ልጄ ትጽፋለች። ልታሳምረው ስትሞክር «እንዳልኩሽ ጻፊ» እያልኩ እይዛታለሁ። ጣጣውን ያመጣችው እሷ ናት፤ እሷው ትልፋ።

ቤቴ ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ አምባሰል በሚወስደው ዳገት ላይ ነው። ባጃጅ ግማሽ መንገድ ድረስ ያመጣል፤ የቀረው በእግር ነው። ደጄ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ሐይቁ ነው፣ ሽቅብ ሲያዩ የአምባሰል ገደል። ሁለት እርከን መሬት አለችኝ። በታችኛዋ ማሽላ እዘራለሁ። የላይኛዋ ድንጋያም ስለሆነች ዝም ብላ ትተኛለች፤ እንደ እኔ ናት፣ ከተቀመጠች አትነሳም።

የልጅ ልጄ ደሴ ዩኒቨርሲቲ ገብታ አንዱን ዲግሪ ጨርሳ ሁለተኛውን ጀመረች። «ምንድን ነው የምትማሪው?» ስላት «አየር» አለችኝ።

«አየርማ እኔም ሳልማር ስተነፍሰው ኖሬያለሁ።»

«እምዬ ደግሞ! የሰማዩን ሞገድ ነው የማጠናው። ሐይቁ ላይ ነፋስ ሲመጣ ውኃው አይነሳም? አየሩም እንደዚያ ነው። ነፋስ የአምባሰልን ተራራ ሲገጨው ወደ ላይ ይዘላል፣ ይወርዳል፣ ይዘላል። ያ ዝላይ እየወጣ እየወጣ ከደመናም ከአውሮፕላንም በላይ ይደርሳል። እዚያ ያለውን አየር ስትራቶስፌር ይሉታል። የሐይቁ ሞገድ ዳር ሲደርስ እንደሚሰበር፣ ይሄም እዚያ ይሰበራል።»

«ተሰብሮ ማን ላይ ሊወድቅ?»

«ማንም ላይ አይወድቅም። ግን የላዩን ነፋስ ይገፋዋል። ዝናብ መቼ እንደሚመጣ የሚተነብዩ ሰዎች ይሄን ካላወቁ ሒሳባቸው ይዛባል።»

«ለካ ለዚህ ነው ‹ዛሬ ይዘንባል› ያሉ ቀን ልብሴ ደርቆ የሚውለው!» አልኳት። ሳቀች። ያኔ ገባኝ እንዳትሉ፤ አልገባኝም። ግን ስታወራ ዓይኗ እንዴት እንደሚበራ አየሁና «ቀጥዪ» አልኳት።

በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። ያን ሞገድ የሚያይ ራዳር የሚባል ማሽን አለ፣ ማስቀመጫ ከፍ ያለ ሜዳ ይፈልጋል፣ «ያቺ የላይኛዋ መሬትሽስ?» አለችኝ። ይሄኔ ነው ያን «እሺ» ያልኩት።

መኪናው ብረቱን እስከ ዳገቱ አመጣው። መምህሯም አብሮ መጣ፤ ቀጭን ረጅም ሰው ነው፣ ራሱ ለአንቴና የተፈጠረ። የድሮ ቴሌቪዥን ጣሪያ ላይ የነበረችውን አንቴና ታውቋታላችሁ? እሷን የመሰሉ፣ ግን ሁሉም ሰማይ ሰማይ የሚያዩ፣ ስምንት በስምንት አሰልፈው ተከሏቸው። ከጎናቸው የፀሐይ ሰሌዳና ባትሪ፣ አንድ ቆርቆሮ ሳጥን። ሳጥኑ ያገኘውን በስልክ መስመር ደሴ ድረስ ይልካል። «ምን ያደርጋሉ እነዚህ?» ስለው መምህሩ፣ «እማማ፣ ገደል ሥር ቆመው ሲጣሩ ገደሉ መልሶ ይጣራል አይደል? እኛም ወደ ሰማይ እንጣራለን። አየሩ ውስጥ እጥፋት ካለ ትንሽዬ ድምፅ ይመልስልናል። ከምላሹ ሞገዱን እናያለን» አለኝ። ይሄ ገባኝ። በልጅነቴ ገደሉን ስንት ስድብ ሰድቤዋለሁ፤ አንዱንም አላስቀረብኝ።

ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን ብቅ አደረገች። እሷና እኔ አጥራችን አንድ ነው። እሷ እስላም፣ እኔ ክርስቲያን፤ ምላስ ላይ ግን ሃይማኖታችን አንድ ነው። ልጇ አረብ አገር ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ናት።

«ያ ረቢ! ብረት ዘራሽ?» አለችኝ። «መቼ ነው የሚታጨደው?»

«በአርባ አምስት ቀን» አልኳት። እውነቴን ነው። ለልጅቷ የተሰጣት አርባ አምስት ቀን ነበር። ከዚያ መኪናው መጥቶ ማሽኑን ነቅሎ ሌላ አገር ይወስደዋል። ከአርባ አምስቱ ውስጥ ደግሞ ሠላሳ ቀን ሳይቋረጥ፣ ሳይበላሽ፣ ተከታትሎ መለካት አለበት። ሠላሳው ካልሞላ የልጅቷ ትምህርት ተንጠልጥሎ ይቀራል። ማሽኑን ሁለተኛ የሚሰጣት የለም።

በአምስተኛው ቀን ክፍል አለብኝ ብላ ወደ ደሴ ልትመለስ ሆነ። እጄን ያዘችኝ።

«እምዬ፣ አደራ። ሁለት ነገር ብቻ። ሰውም ከብትም እንዳይገባ። ሌላው ወፍ ነው፤ የብረቱ ክንድ ቀጭን ነው፣ ተሰብስበው ከቆሙበት ይጣመማል። ከተጣመመ ጥሪውም ይጣመማል።»

«ወፍ? ወፍን ለኔ ተይልኝ!» ብዬ ደረቴን መታሁ።

ተሳፍራ ሳትርቅ ወፉ መጣ። ማሽላዬ ወተት ይዛለች፤ ወፉ ብረቱ ላይ ቁጭ ብሎ ማሽላዬን ይመርጣል። እንደ ሰርግ ቤት፣ ላይ ተቀምጦ ታች ያለውን ማየት። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ማማ ላይ ወፍ ስጠብቅ ያደግሁ ነኝ። ወፍ ምን እንደሚጠላ አውቃለሁ፤ ድንገት የሚንኳኳ ቆርቆሮ ይጠላል። ጎረቤቴ ልጇ ያመጣችላት የዱቄት ወተት ጣሳ በጆንያ ሙሉ አስቀምጣለች። ለመንኳት፣ ሰጠችኝ። ጣሳውን በምስማር በሳሁ፣ ውስጡ ጠጠር ጨመርኩ፣ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ሽቦ ወጠርኩና ደረደርኩት። ገመድ አጥቼ አይደለም። ሽቦ ይበልጣል ብዬ ነው፤ ብልጥ ነኛ! የሽቦውን ጫፍ እስከ ደጄ አመጣሁ። ቁጭ ብዬ ሳብ ሳደርገው ስልሳ አራቱም ብረት ያጨበጭባል። እጄን ሳላነሳ እንኳ፣ ከሰዓት ነፋስ ከሐይቁ ሲነሳ በራሱ ይዘፍናል። ወፍ ድርሽ አላለም።

«ወላሂ፣ ይሄማ ቆንጆ ነው!» አለች ጎረቤቴ።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ።

«እምዬ! ሞገድ አገኘን! ትልቅ ሞገድ! በየቀኑ ከሰዓት ይመጣል። እንደዚህ ያለ አይቼ አላውቅም!»

እልል አልኩ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ላገኘሁት ሁሉ «የልጄ ልጅ ከሰማይ ሞገድ አገኘች፣ እኔ ነኝ ጠባቂዋ» አልኩ። ካህኑንም አላስቀረኋቸው። «ከየት ነው የተገኘው?» ሲሉኝ «ከስትራቶስፌር» ብዬ እንደ ጎረቤት ቤት አልኩት። ለሳምንት ያህል ከኔ በላይ የተማረ አልነበረም።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ስልክ መጣ። ድምጿ የሷ አይደለም።

«እምዬ፣ ብረቱ ደህና ነው?»

«ደህና ነው። ምን ሆንሽ?»

«መምህሬ ሞገዱ ሞገድ አይደለም አለ። እውነተኛ ሞገድ በወረቀት ላይ ሲታይ መስመሩ ያዘነብላል አለ፤ በየከፍታው በየተራ ነው የሚደርሰው። ይሄ ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ እንደ ነጠላ ጥለት። ታችም ላይም በአንድ ጊዜ ነው የሚነቃነቀው። ሰማይ እንደዚያ አያደርግም አለ። ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ካልተስተካከለ ይነሳ እያለ ነው።»

እንባዋን ስትውጠው ሰማሁ። ውጭውን አየሁ። ነፋስ ተነስቷል። ጣሳዬ ሽርር፣ ሽርር ይላል።

«አንቺ ልጅ» አልኩ፣ «ከሰዓት ነው አልሽ?»

«አዎ። በየቀኑ።»

«ነፋስ ሲነሳ?»

«እንዴት አወቅሽ?»

እስቲ ምን ልበል? «ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል» ብዬ ሽቦውን ቀስ ብዬ ብፈታው ማንም አያውቅም ነበር። ያ ሐሳብ አልመጣብኝም ብል እዋሻለሁ፤ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። ግን ልጅቷ ምክንያቱን ካላወቀች መምህሩ ማሽኑን ዳግመኛ አያምነውም፤ ያነሳዋል።

«ሞገድሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «ወፍ ለማባረር ጣሳ ሰቅያለሁ።»

«በምን?»

«በሽቦ።»

«እምዬ... ከአንቴና ወደ አንቴና?»

«ከዳር እስከ ዳር። ቆንጆ አርጌ።»

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ድምፅ መጣ። ስልኩ ሲዘጋ ጎረቤቴን ጠርቼ ጣሳውን ስንፈታ ዋልን። «ጣሳው የኔ ነው፣ ሐሳቡ ግን ያንቺ ነው፤ ቢጠይቁኝ እንዲህ ነው የምለው» አለችኝ። እኔ ሽቦዬን መጠቅለል ቀጠልኩ።

በማግስቱ ልጅቷና መምህሩ መጡ። ብረቱን አንድ በአንድ ነካክተው፣ ለክተው አዩት። የተጣመመ የለም። ሽቦው ብረቱን ከብረት አያይዞ ጥሪያቸውን ሲያቀላቅለው፣ ነፋሱም ሲያወዛውዘው ነው የከረመው። መምህሩ አንድ ጣሳ አንስቶ አገላበጠው፣ አንኳኳው።

«እማማ፣ ይሄ መጽሐፍ ላይ የለም» አለ።

«ጻፈዋ እንግዲህ!» አልኩት። ሳይወድ ሳቀ።

ከዚያ ቆጠሩ። አርባ አምስት ቀን ነበር፣ አሥራ አምስቱ ሄደ። የቀረው ሠላሳ። ልክ ሠላሳ፣ አንድም ትርፍ የላትም። ከነገ ጀምሮ አንድ ቀን ከተበላሸ አለቀ። ልጅቷ «እኔ ልቆይ» አለች። መምህሩ ደግሞ ክፍል ከቀረች በዚያ በኩል እንደምትወድቅ ነገራት። እያየችኝ፣

«እምዬ፣ ትችያለሽ?» አለችኝ።

ይሄ «ትችያለሽ» የሚሉት ነገር ጆሮዬ ውስጥ እንደ ጉንዳን ገባ። እኔን! «ሂጂ ክፍልሽ ግቢ» አልኳት። «ከዛሬ ወዲያ ወፍ እዚያ ብረት ላይ ከቆመ እኔ ሞቻለሁ ማለት ነው፤ ለቀብሬ ትመጫለሽ።»

ሠላሳ ጠጠር ለቀምኩና በአንድ ቅል አደረግሁ። በየቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ አንዷን አውጥቼ እወረውራለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጎህ ሲቀድ ማሽላውና ብረቱ መሃል ያለው ማማ ላይ ወጣሁ። ስወጣ ጉልበቴ የተናገረውን እዚህ አላስጽፍም። ወንጭፍ መጠቀም አልችልም፤ ድንጋዩ ብረቱን ሊመታ ነው። ቆርቆሮ የለም። ያለኝ ጉሮሮዬና አንድ ጅራፍ ነው። ወፉ መጣ። ከብረቱ ላይ ሳባርረው ማሽላው ላይ አረፈ። ከማሽላው ላይ ሳባርረው ብረቱ ላይ አረፈ። ከብረት ወደ ማሽላ፣ ከማሽላ ወደ ብረት፤ እስከ ረፋድ ድረስ ተጫወቱብኝ። ሁለቱን አንድ ሰው ሊጠብቅ አይችልም።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ወፉ ብረት አይበላም። ብረቱ ላይ የሚቆመው ማሽላውን ስለከለከልኩት ነው። ማሽላው ውስጥ ጠግቦ ከዋለ ወደ ብረቱ ምን ያመጣዋል? ማሽላዬን አየሁት። አምሮ ነበር፣ ራሱን ደፍቶ። ዓመቱን የምበላው እሱ ነው።

«ብሉ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ እንዲሰሙ። ማማው ላይ ዞሬ ጀርባዬን ለማሽላው ሰጠሁና ፊቴን ወደ ብረቱ አዞርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከብረቱ ብቻ አባርራለሁ፣ ወደ ማሽላው የሄደውን አልናገረውም።

ጎረቤቴ ሦስት ቀን አይታ አልቻለችም።

«አንቺ፣ ማሽላሽን እየበሉት ነው እኮ! አታይም?»

«አያለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ይብሉ። ከጠገቡ ብረቱ ላይ አይወጡም። ለልጅቷ ግን እንዳትነግሪ፤ ካወቀች ክፍሏን ጥላ ትመጣለች።»

«አብደሻል» አለችና ሄደች።

የግሸን ማርያም ቀን መጣ። አውቶቡሱ ሁሉ ወደ ግሸን ሲወጣ ከማማዬ ላይ ሆኜ ጡሩንባውን እሰማለሁ። እግሬ መራመድ ከጀመረ ወዲህ ቀርቼ አላውቅም። ጎረቤቴ መጥታ «ሂጂ፣ እኔ እጠብቅልሻለሁ። የማርያምን ቀን አታስቀሪ» አለችኝ። ልቤ ሄዶ ነበር። ግን አደራው የኔ ነው፤ አንዴ አበላሽቼዋለሁ፣ ሁለተኛ በሰው እጅ አላስበላሽም። «ማርያም ከዚያ ከፍታ ላይ ሆና እኔን ማየት ካቃታት የልጅቷን ማሽን እናውሳት» አልኩና ጅራፌን አነሳሁ። ማርያም ቀልድ ታውቃለች፤ ይቅር ብላኛለች።

አሥራ ሁለት ጠጠር ሲቀረኝ ድምፄ ጠፋ። ጠዋት አፌን ስከፍት የሚወጣው እንደ አሮጌ በር ሲጥጥ ነው። ወፍ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። ጅራፉ ብቻውን አልበቃ አለ፤ ለመዱት። አራት አምስት ሆነው አንዱ ብረት ላይ ሲያርፉ እጄን እያወናጨፍኩ ከማማ ወረድኩ፣ ዳገቱን ሮጥኩ። ሮጥኩ ስላችሁ ቀልዴን አይደለም። ደርሼ አባረርኩ። መልሼ ስወጣ ደግሞ ሌላ መጣ። ያኔ ነው እንባ የመጣብኝ።

ከአጥሩ ወዲያ አንድ ድምፅ ተነሳ። የጎረቤቴን ጩኸት እኔ ነኝ የማውቀው፤ ባሏ በሕይወት ሳለ ከሐይቁ ማዶ ሆኖ ስትጠራው ይሰማት ነበር። «እሁሁሁይ!» አለች። የአምባሰል ገደል ተቀብሎ መለሰላት። ብረቱም ማሽላውም ጥርግ አለ።

አጥሩን ተሻግራ ማማው ሥር ቁጭ አለች። «ጉሮሮሽ ጠፋ እንጂ ዓይንሽ አለ» አለችኝ። «ዝም ብለሽ በጅራፉ አመልክቺኝ፣ እጮሃለሁ። እኔ ምን አገባኝ በሰማይ፤ ግን አንቺ ዝም ብለሽ መዋልሽ አስፈራኝ።» ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ አመለክታለሁ፣ እሷ ትጮሃለች። ሶላቷ ሲደርስ ብቻ ትነሳለች፤ ያን ጊዜ በጅራፍና በሩጫ እሸፍናለሁ። አንድ ቀንም አልቀረችም።

የመጨረሻዋን ጠጠር ስወረውር ወረወርኳት ማለት አይበቃም፤ ወደ ሐይቁ ለቀቅኋት።

በማግስቱ መኪናው መጣ። ልጅቷና መምህሩ ወረዱ። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ከፍታ ከጎኔ ተቀመጠች። «እይ እምዬ። ሠላሳው ቀን ሙሉ ነው፤ አንድም ያልጎደለ።» ስክሪኑ ላይ መስመሮቹ ሁሉ አዘንብለዋል፣ እንደ ክረምት ዝናብ በነፋስ። በየከፍታው በየተራ። «ይሄ ነው እውነተኛው። መልኩ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ይታያል፣ ጉልበቱ ግን ወደ ላይ ነው የሚወጣው።»

«እንደኔ በያ» አልኩ በተሰባበረ ድምፄ። «ስታዪኝ እወርዳለሁ።»

አቀፈችኝ። አጠቃቀፏ ያ ጆሮዬ ውስጥ የገባውን «ትችያለሽ» ጎትቶ አወጣው። መምህሩም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ፤ ያን ሁሉ ቁመት ማጠፍ ቀላል አይደለም። ደስ አለን፣ ተሳሳቅን። ከዚያ ልጅቷ ወደ ታችኛው እርከን አንገቷን አሰገገች፣

«እምዬ፣ ማሽላሽ ደርሶ የለ እንዴ? እስቲ እሸት አብዪን! መምህሬ የአምባሰልን እሸት ቀምሶ አያውቅም።»

እኔ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞርኩ። የሐይቁ ወፍ እንዴት ያምራል አልኩ። ጎረቤቴ ግን አጥሩ ላይ ተደግፋ ነበር፤ ያን ሁሉ ቀን የያዘችው ምላስ ነው፣ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«የምን እሸት?» አለች። «ብረታችሁ እንዳይነካ ብላ ማሽላዋን ለወፍ ስታበላ ከረመች እኮ። በሉ እንግዲህ፣ ያን ሞገዳችሁን ንፍሮ ቀቅላችሁ አብሏት!»